ከእሁድ ጋዜጣ የመዘዝኩት

ይህን ነገር ከዳር እስከ ዳር የሰማ ሰው የለም። ባለቤቴ ጫፉን ያውቃል፤ ንስሐ አባቴ ግማሹን ሰምተዋል፤ የቀረውን እኔ ብቻዬን ይዤው ኖርኩ። አሁን የምጽፈው ጨዋ ሆኜ አይደለም፤ ቀን ስላጠረብኝ ነው። ጋሽ መኮንን ጠቅልለው አገር ቤት ሊገቡ ቲኬት ቆርጠዋል። ከሄዱ በኋላ ብናገር ለማን ይጠቅማል? ከመሄዳቸው በፊት ልናገር ስል ደግሞ ምላሴ አልታዘዝ ይለኛል። ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ መቀመጥ አቅቶኝ የተደረደረውን እደረድራለሁ፣ የተወለወለውን እወለውላለሁ። በመጨረሻ ብዕር አነሳሁ። የማታውቁኝ ሰዎች፣ አስቀድማችሁ እናንተ ስሙኝ።

ስሜ ስንዱ ነው። ወዳጆቼ «ስንዱ እንደ ስሟ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ ቀልዱ ግን ምስጋና ነበር። ያኔ የቤት ዋጋ ወድቆ ብዙ ሰው ከሥራው የተፈናቀለበት ዘመን ነው። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ሐበሻ በሞላበት ባለ አራት ፎቅ አፓርትመንት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ባለቤቴ መስፍን ፓርኪንግ ይሠራል፤ እኔ የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነኝ። የሁለታችንም የሥራ ሰዓት ተቀነሰ። ኩፖን የጀመርኩት በዚያ ሰሞን ነው።

ያስተማረችኝ ሆቴል አብራኝ የምትሠራ አሜሪካዊት ናት። የእሁድ ጋዜጣ ሆድ ውስጥ ታጥፎ የሚመጣ የሚያብረቀርቅ የማስታወቂያ ወረቀት አለ፤ ኩፖን፣ ማለትም የዕቃ ዋጋ የሚያስቀንሰው ቁራጭ ወረቀት፣ የሚቆረጠው ከዚያ ላይ ነው። ኩፖኑን ቆርጠሽ ወዲያው አትጠቀሚበትም፤ ታስቀምጭዋለሽ። ሱቁ ራሱ ዋጋ በቀነሰበት ሳምንት ኩፖኑን ትደርቢበታለሽ። ያን ጊዜ የጥርስ ሳሙና፣ ሻምፑ፣ ፓስታ፣ አንዳንዴ በነጻ እጅሽ ይገባል። ብልሃቱ ትዕግሥትና ሥርዓት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሁለቱም ነበሩኝ። እንደ ፎቶ አልበም ኪስ ኪስ ያለው ትልቅ ባይንደር ገዛሁ፤ የሳሙናውን ለብቻ፣ የሕፃን ዕቃውን ለብቻ፣ የምግቡን ለብቻ አደረግኩ። የኮት ቁም ሳጥናችንን ባዶ አድርጌ መደርደሪያ አስገባሁበት። ቀኑ ቶሎ የሚያልፍበትን ከፊት፣ የሚቆየውን ከኋላ አሰለፍኩ።

ለቤታችን ብቻ አልነበረም። በዲቪ አዲስ የመጣ ቤተሰብ ካለ ቤቱ ፍራሽ ሳይገባ የእኔ ከረጢት ይገባል። አራስ ስጠይቅ ዳይፐር በጉያዬ ነው። ለቅሶ ቤት ውኃና የወረቀት ሳህን ሲያልቅ «ስንዱን ጥሯት» ይባላል። መስጠት እወድ ነበር፤ እዚህ ላይ አልዋሽም። መመስገንንም እወድ ነበር። የትኛው ይበልጥ እንደነበር ዛሬም ድረስ አላወቅኩትም። የሚያስጨንቀኝም አንዱ ይኸው ነው።

የኩፖን ችግሩ አንድ ኩፖን ለአንድ ዕቃ መሆኑ ነው። ሃያ ሳሙና ለማውጣት ሃያ ኩፖን ያስፈልጋል። ሃያ ኩፖን ለማግኘት ደግሞ ሃያ ጋዜጣ። እኔ የምገዛው ሁለት ጋዜጣ ብቻ ነበር።

አሁን ጋሽ መኮንንን ላስተዋውቃችሁ። በዚሁ ሕንጻ አንደኛው ፎቅ ላይ በአንዲት ጠባብ ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ደሴ ረጅም ዘመን ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሲሞቱባቸው ወንድማቸው ወደዚህ አመጣቸው፤ ወንድምየው ሌላ ስቴት ሲሄድ እሳቸው ቀሩ። እዚህ የነበራቸው ሰው ደረጀ ነው። ደረጀ ደሴ ሳሉ ተማሪያቸው ነበር። የበኩር ልጁን ያሬድን ክርስትና ያነሱለትም እሳቸው ናቸው። ደረጀ ቀን ቀን ታክሲ ይነዳል፤ ማለዳ ማለዳ ደግሞ ጋዜጣ ያድላል። ጋሽ መኮንንን ጋዜጣ ማደሉ ውስጥ ያስገባቸው እሱ ነው፤ በረዶ ላይ መንዳትም ያለማመዳቸው እሱ ነው። መጋዘን ሄደው ጋዜጣውን ያጥፋሉ፣ በላስቲክ ከረጢት ይከታሉ፣ ሳይነጋ በየበሩ ያደርሳሉ። የእኛም ሕንጻ በሳቸው መስመር ውስጥ ነበር።

ሌላው አዳይ ጋዜጣውን ከሩቅ ይወረውራል። ጋሽ መኮንን ግን በየበሩ ጎንበስ ብለው ቀና አድርገው ያስቀምጡታል። «ሰው የሚያነበው ነገር አይወረወርም» ይሉ ነበር።

እኔ እሁድ ማለዳ ሥራ እገባ ነበር። ስወጣ ጋዜጦቹ በየበሩ ቆመው አገኛቸዋለሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራዩ የለቀቀው ቤት ነበር፤ ጋዜጣው ግን መምጣቱን አልተወም። ሦስት እሁድ ተከመረ። ሦስቱንም ወሰድኩ። ማን ተበደለ? ማንም። በአራተኛው እሁድ እዚያው በር ላይ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል የሚቀጥለው በር ታየኝ። ሰው የሚኖርበት በር ነው። ቆምኩ። ጣቶቼን ወደ ላስቲኩ አስገባሁና የሚያብረቀርቀውን ወረቀት መዘዝኩ። ጋዜጣውን አልነካሁትም፤ መልሼ ቀና አድርጌ አቆምኩት፣ ልክ ጋሽ መኮንን እንደሚያቆሙት። ከዚያ ቀጣዩን በር መዘዝኩ። ከዚያ ቀጣዩን።

በራሴ ፎቅ አላደረግኩትም፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ብቻ። ለምን ይመስላችኋል? ጥፋት መሆኑን ስለማውቅ ነዋ። «ፈረንጆቹ አያዩትም፣ ከነላስቲኩ ነው ቆሻሻ ውስጥ የሚጥሉት» እያልኩ ራሴን አሳምን ነበር። ግን አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት አሜሪካዊት ነበሩ፤ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ መቀስ ይዘው ኩፖን ሲቆርጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእሳቸውም በር ላይ መዘዝኩ። እያወቅኩ መዘዝኩ። አንድ እሁድ አይደለም፣ አንድ ወር አይደለም፤ ቅጠል ከሚረግፍበት ሰሞን እስከ ጸደይ መዘዝኩ።

መስፍን አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን አይቶ «ይሄ ሁሉ ከየት ነው?» አለኝ።

«ሰው እየሰጠኝ ነዋ» አልኩት።

አላመነኝም። ግን ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ከቁም ሳጥኑ አዲስ የጥርስ ሳሙና አውጥቶ መታጠቢያ ቤት ገባ። እሱንም አልከስም። የከረጢቱ ምስጋና ለእሱም ይደርሰው ነበር።

ቁም ሳጥኑ ሞላ፤ ከአልጋችን ሥር ሞላ። የእኔም ስም ገነነ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናቶች ሲያዩኝ ይስሙኛል፤ «ይችን ልጅ እግዚአብሔር ይጠብቃት» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ከመሳለሜ በፊት እጄን ቀሚሴ ላይ እጠርጋለሁ። የጋዜጣ ቀለም ይለቃል፤ ያንን ለማስለቀቅ ነው እያልኩ።

በጸደይ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሽ መኮንን በራችንን አንኳኩ። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ከረቫት አስረዋል። ያን ዕለት የጋዜጣ ሥራው አለቃ ጋ ተጠርተው ከዚያ መመለሳቸው ነበር።

«ከሥራ አስወጡኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

ምክንያቱን ሳይነግሩኝ አውቄዋለሁ። እንዳላወቀ ሰው «ለምን ጋሼ?» አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስተኛና ከአራተኛ ፎቅ ሰዎች «ኩፖኑ ጎድሏል» እያሉ ሲደውሉ ከርመዋል። ስሞታው የሚመጣው ከእሳቸው መስመር ብቻ ነው። አለቃው «ወረቀቱን እያወጣህ የምትሸጠው አንተ ነህ» አላቸው። የሚገዛ ሰው እንዳለ ያን ዕለት ነው የሰሙት።

«ስንዱ ልጄ» አሉኝ፣ «በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ተባልኩ። እንግሊዝኛዬ ለጂኦግራፊ ይበቃኝ ነበር፤ ሌባ አይደለሁም ለማለት ግን አልበቃኝም።» ቀጥለውም፣ «አንቺ ኩፖን ታውቂያለሽ። እስቲ አስረጅኝ። ሰው ወረቀት ምን ሊሆነው ብሎ ይሰርቃል?» አሉ።

እኔም አስረዳኋቸው። ተቀምጬ፣ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ፣ ኩፖን ምን እንደሆነ፣ ለምን ብዙ እንደሚፈለግ፣ እንዴት እንደሚደረብ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ያ የሠላሳ ዓመት መምህር እንደ ተማሪ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ። ቁም ሳጥኑ ከጀርባዬ ነበር። በሩ እንዳይከፈት ወንበሬን አስጠግቼ ተቀምጬበት ነበር።

ሲነሱ ሁለት ከረጢት ሞልቼ ሰጠኋቸው። የልብስ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ የጢም መላጫ። በረንዳው ላይ ቆመው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «እግዚአብሔር ይህን እጅሽን ይባርከው» አሉ። አስቡት እስቲ። እንጀራቸውን የወሰደው እጅ ነው። በእሳቸው ኪሳራ የገባ ሳሙና ለእሳቸው ሰጥቼ ምርቃት ተቀበልኩበት። አሜንም አልኩ። «አሜን ጋሼ» አልኩ።

ያን ዕለት ወስኜ ተውኩ። ከዚያ በኋላ ከማንም በር አልመዘዝኩም። ተጸጽቼ ተመለስኩ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ አይደርስም አልኩ። ግን መተዌ ምን እንዳመጣ ታውቃላችሁ? ስሞታው ቆመ። ጋሽ መኮንን በወጡ በሳምንቱ አንድም ሰው ኩፖን ጎደለብኝ ብሎ አልደወለም። አለቃው «አላልኳችሁም?» አለ። ሌብነቴን መተዌ የእሳቸው ሌብነት ማስረጃ ሆነ። አንድ እሁድ ብቻ ተመልሼ ብመዝ ኖሮ ነጻ ይወጡ ነበር። ይህንንም አስቤዋለሁ። አንድ እሁድ ማለዳ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቼ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። እይዛለሁ ብዬ ፈርቼ ወረድኩ።

በዚያን ጊዜ መስመሩን ደረጀ ያዘው። ለምን እንደያዘው አውቅ ነበር፤ ለመስፍን ነግሮት መስፍን ነግሮኛል። «ለሌላ ሰው ከሄደ አይመለስም፤ እኔ ላቆይላቸው፣ ነገሩ ሲጣራ ይረከቡኛል» ብሎ ነው። በታክሲው ላይ፣ በራሱ መስመር ላይ ጨምሮ፣ እንቅልፉን አጥቶ የመምህሩን ቦታ ይጠብቅ ነበር። ይህን አውቅ ነበር። ይህን አውቄ ነው ቀጥሎ የምነግራችሁን ያደረግኩት።

ወር ሳይሞላ ጋሽ መኮንን እንደገና መጡ። ከስተዋል። የሰጠኋቸውን ሻይ ሳይነኩ እንዲህ አሉ፤ «ስንዱ፣ አንድ ነገር አልገባኝ አለ። እኔ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ስሞታ የለም አሉኝ። አንድም። እኔ እንዳልወሰድኩ አውቃለሁ። ታዲያ እኔ ስወጣ ለምን ቆመ?»

ቀና ብለው ተመለከቱኝ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ቁም ሳጥኑ የሄደ መሰለኝ። ምናልባት አልሄደም። ምናልባት ግድግዳውን ነው ያዩት። እኔ ግን ደረሱብኝ አልኩ። በዚያች ቅጽበት አፌ ከእኔ ቀድሞ ተከፈተ።

«መስመሩን አሁን ማን ያዘው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ደረጀ ነዋ» አሉ።

ሻያቸውን ወደ እሳቸው ጠጋ አደረግኩ። ፊታቸው ላይ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባ አየሁት። «አይ፣ ደረጀ እንዲህ አያደርግም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር። አያደርግም በይኝ ማለታቸው ነበር። አንድ ቃል ብጨምር ይበቃቸው ነበር። እኔ ግን «እንጃ ጋሼ፣ እኔ ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት» አልኩ።

ያ ውሸት ነው? አንድም የውሸት ቃል የለበትም። ጥያቄ ነው የጠየቅኩት። ስንት ዓመት በዚህ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ። ግን ጥያቄ ምን እንደሚያደርግ አውቄ ነው የጠየቅኩት። የሰው ስም ሳልጠራ ሰው ከሰስኩ። ጋዜጣ ከመምዘዝ የከፋው ይህ ነው። ያኔ የመዘዝኩት ወረቀት ነበር፤ አሁን የመዘዝኩት ሁለት ወዳጆችን ያያያዘውን ክር ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ጋሽ መኮንን ደረጀን ጠሩት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር፤ መስፍን ግን አጠገባቸው ስለነበር ሰምቷል። አልጮኹም። «ደረጀ፣ ሥራው ካስፈለገህ ብትነግረኝ እለቅልህ ነበር» አሉት። ሌላ ምንም አልተናገሩም። ደረጀ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። «ጋሼ፣ ይህን ማነው ያለዎት?» አለ። «ማንም ይበለው» አሉ። ስሜን አልጠሩም። በሰው ቤት ተቀምጠው የሰሙትን በአደባባይ የሚያወጡ ሰው አይደሉም። እኔን ለመጠበቅ ብለው ልጃቸውን አጡ፤ ከማን እንደሚጠብቁኝ እንኳ ሳያውቁ።

ደረጀ በዚያው ሳምንት መስመሩን ለቀቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰላምታ ተነፋፈጉ።

በዓመቱ በዐቢይ ጾም ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። «አባቴ፣ ጋዜጣ አንስቻለሁ» አልኳቸው። «የማን ጋዜጣ?» አሉኝ። «የጎረቤት» አልኩ። ፈገግ አሉ፤ ስግደት አዘዙልኝና ፈቱኝ። ስለ ጋሽ መኮንን፣ ስለ ደረጀ አልተናገርኩም። አንድ ሳምንት ቀለለኝ። እግዚአብሔርን እንደ ሱቅ ካሸር ያታለልኩት መሰለኝ። ከዚያ ጭንቀቱ ተመልሶ መጣ፤ የተመለሰው ግን ብሶ ነበር።

ዓመታት ሄዱ። ጋሽ መኮንን ሲልቨር ስፕሪንግ የአረጋውያን አፓርትመንት አገኙና ወደዚያ ተዛወሩ። ደረጀ በታክሲው ለፍቶ ፌርፋክስ ቤት ገዛ፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ገባ። እኔም ኩፖኔን አልተውኩም፤ የምፈልገውን ጋዜጣ በገንዘቤ እገዛለሁ፣ ኋላ ደግሞ ኩፖኑ ስልክ ውስጥ ገባ። በየወሩ ከረጢት ሞልቼ ሲልቨር ስፕሪንግ እሄዳለሁ። ሰው «ስንዱ እኮ ሽማግሌውን አልረሳቻቸውም» ይላል። እኔ ግን ስሄድ ፍርሃቴን ይዤ ነው የምሄደው፤ ዛሬ አውቀው ይሆን እያልኩ በራቸውን አንኳኳለሁ። ሲስቁልኝ ደግሞ እፎይ እላለሁ። ያ ደግነት ነው? ጥበቃ ላይ የቆመ ሰው ነበርኩ።

ከዚያ ያሬድ፣ የደረጀ ልጅ፣ ሊያገባ ነው ተባለ። ጋሽ መኮንን ሰሙ። ከረጢቱን ይዤ ስገባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ክርስትና ያነሳሁትን ልጅ ሠርግ ከሰው አፍ ልስማ ስንዱ?» አሉኝ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ማስረጃ ሳልይዝ ልጁን በአደባባይ ወነጀልኩት። አስታርቂኝ። አንቺን እምቢ የሚል ሰው የለም።»

እኔን ሽማግሌ አድርገው ላኩኝ። እኔን። እሺ አልኳቸው። ለምን እሺ አልኩ? አሁን ነው የማስተካክለው ብዬ በእውነት አስቤ ነበር። ፌርፋክስ ስደርስ ደረጀ በደስታ ተቀበለኝ፤ ሚስቱ ምሳ አቀረበች። የመጣሁበትን ስነግረው መብላቱን አቆመ።

«ስንዱ» አለኝ፣ «ሥራውን የወሰድኩባቸው ስለመሰላቸው አልተቀየምኩም። እኔን ከሳቸው በላይ የሚያውቀኝ ሰው የለም። ታዲያ ማነው ከእኔ የታመነው? የማንን ቃል ነው ከእኔ ቃል ያስበለጡት? ያን ሰው ይንገሩኝ። ስሙን ብቻ። በዚያው ቀን ሄጄ ጉልበታቸውን እስማለሁ፤ የልጄን ሠርግ እሳቸው ይባርኩታል።»

የሚፈልገው ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ምሳውን እየበላ ነበር። «እኔ ነኝ» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃል። «እነግራቸዋለሁ» ብዬ ተነሳሁ።

ከፌርፋክስ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ቤልትዌይ የሚባለው አውራ ጎዳና በመኪና ተዘግቶ እየተንፏቀቅኩ ነዳሁ። መልእክቱን እንዳለ ባደርስ ጋሽ መኮንን «ስንዱ፣ ፈቃድሽ ከሆነ ስምሽን ልንገረው» ይሉኛል፤ ከዚያ ደረጀ «ለምን አለች?» ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ይወጣል። መንገዱ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ለመወሰን በቂ ጊዜ ነበር። በድንገት አፌ አመለጠኝ የምልበት ቦታ የለም። አስቤ፣ ወስኜ፣ ሊፍቱን ተሳፍሬ፣ በራቸውን አንኳኩቼ ነው የዋሸሁት።

«አሻፈረኝ አለ ጋሼ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቱን ነው» አሉ። «ሰው ፊት አዋርጄዋለሁ። እውነቱን ነው።» ከዚያ «ደክሞሽ ይሆናል፣ ተቀመጭ» ብለው ውኃ ቀዱልኝ።

ለደረጀም ደወልኩለት። «ስሙን አልናገርም ብለዋል» አልኩት። «እንግዲያው ይቅር» አለ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ዋሸሁ።

ሠርጉ ላይ ነበርኩ። ዕቃውን ያደራጀሁት እኔ ነኝ፤ የወረቀት ሳህኑን፣ ናፕኪኑን፣ ውኃውን ከሁለት ወር በፊት አከማችቼ ነበር። ሙሽራው በክርስትና አባቱ ቦታ የአባቱን አጎት ይዞ ሲቆም አየሁ። ሰዎች መድረኩ ላይ አመሰገኑኝ፤ ተነሥቼ እጅ ነሳሁ። በማግስቱ ጋሽ መኮንን ደወሉልኝ። ስለ ምግቡ አልጠየቁኝም፣ ማን መጣ አላሉኝም።

«ልጁ አማረበት?» ብቻ አሉኝ።

«በጣም አማረበት ጋሼ።»

«እሰይ» አሉ። «እሰይ። በቃ ይኸው ነው።» ስልኩን ዘጉ። ለዚያ ሠርግ ብለው አዲስ ሙሉ ልብስ አሰፍተው እንደነበር የሰማሁት ኋላ ከጎረቤታቸው ነው።

ይኸው ነው ያደረግኩት። ድሃ ስለነበርኩ ነው አልልም፤ በዚያ ሕንጻ ከእኔ የባሰ ድሃ ሞልቶ ነበር፣ ከማንም በር ግን አልመዘዘም። ለሰው ስል ነው አልልም፤ በሰው ጉዳት የሰጠሁት ስጦታ የእኔ አልነበረም። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ለጋሽ መኮንን «አሻፈረኝ አለ» ስላቸው ጸጉሬ ሸብቶ ነበር። ለእናንተም «ይቅር በሉኝ» አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ ይቅርታውም በእናንተ እጅ የለም።

ጋሽ መኮንን በሚመጣው ወር ደሴ የእህታቸው ልጅ ጋ ይሄዳሉ። ባለፈው ስጠይቃቸው «ከደረጀ ጋር ሳልታረቅ መሄዴ ብቻ ነው የሚከብደኝ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው እረፍት ያጣሁት። ይህን ወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርጌ ጠረጴዛቸው ላይ ጥዬ ልወጣ ነበር ሐሳቤ። ፊታቸው ቆሜ ከመናገር የማመልጥበት መንገድ ነበር የምፈልገው፤ ይህንንም ልንገራችሁ። ግን ዓይናቸው ሄዷል። ከካቻምና ጀምሮ ፊደል አይለዩም። የመጣላቸውን ደብዳቤ ሁሉ የማነብላቸው እኔ ነኝ።

ትናንት ለደረጀ ደወልኩለት። «ያን ስም አግኝቼልሃለሁ፤ ቅዳሜ ጋሽ መኮንን ቤት ና» አልኩት። «እመጣለሁ» አለ። ማን ነው ብሎ አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ ሁለቱን አስቀምጬ ይህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአፌ አነባለሁ። ደረጀ ያየኛል። ጋሽ መኮንን ግን ድምፄን እንጂ ፊቴን አያዩም። ያን ደግሞ እንደ ምሕረት ቆጥሬ እንዳልጽናናበት እፈራለሁ።